የወጠጤው አንጎል

የቤታችን ቁልፍ ባይጠፋ ኖሮ ሁለት ፍየሎች አይታረዱም ነበር። ቁልፉ የጠፋው ጂንካ ነው፤ ፍየሎቹ የታረዱት ከቱርሚ ወዲያ ነው፤ በመካከሉ ያለው የኔ አፍ ነው። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» የሚባለው ለኔ የተተረተ ይመስለኛል፤ ሁለቱም ደርሶብኛልና።

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ባለቤቴ ምሕረት ነርስ ናት፤ እዚሁ ጂንካ ተወልዳ ያደገች የአሪ ልጅ። በቤታችን ሕግ ቁልፍ የሚጠፋው እኔ እጅ ላይ ነው፤ የሚገኘው እሷ እጅ ላይ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት አልጋውን ገለበጥኩ፣ የሽሮ ዕቃውን ሳይቀር ፈተሽኩ። ምሕረት መጥታ ከሸሚዜ የደረት ኪስ አወጣችው። ሸሚዙን ለብሼዋለሁ።

«ለመሆኑ ይሄ ጭንቅላት ምን ይሠራልሃል?» አለችኝ።

እንግዲህ የተነካ ወንድ ምን ያደርጋል? ስልኩን ያወጣል። ፈለግሁ፣ ፈለግሁና አንድ ቦታ ላይ አገኘሁ፤ ሳይንቲስቶች የወንድና የሴት አንጎል ሲያነጻጽሩ የወንዱ በአማካይ ከፍ ብሎ ተገኝቷል ይላል። ከዚያ በታች ረጅም ጽሑፍ ነበረ፤ እሱ ለጊዜው አላስፈለገኝም።

«እንኪ አንብቢ! ሳይንስ ነው!»

ቀና ብላም አላየችው። «የአህያ ጆሮ ካንተ ጆሮ ይበልጣል» አለች ጫማዋን እያሰረች። «ዜና የሚያዳምጠው ግን ማን ነው?»

ቤቱ የተረታ ሰው ይግባኝ የሚለው መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ነው። እኔም በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የነርቭ ሥርዓት ላስተምር ገባሁና ሰሌዳው ላይ አንጎል ሣልኩ። ስለ ሥዕሌ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ሌላ ሌላውን እሺ፣ በሥዕል ግን ሐሜት አልቀበልም። እጥፋቱን፣ ግንዱን፣ ትንሹን አንጎል ሁሉ አሳምሬ አስቀመጥኩ። ከዚያም እጄን ከጠመኔ እያራገፍኩ፣ «በነገራችን ላይ፣ የወንድ አንጎል በአማካይ ከሴት ይበልጣል» አልኩ። ወንዶቹ ዴስኩን እንደ ከበሮ መቱት። ሴቶቹ አጉረመረሙ። የጠዋቷ ቁስሌ ትንሽ ሻረች።

እግዜር ያውቃል፣ ልቀጥል ነበር። የወንድ ሰውነት በጠቅላላው ገዘፍ ስለሚል ነው፣ የአንዷ ሴት አንጎል ካንዱ ወንድ ሊበልጥ ይችላል፣ የአንጎል ትልቅነት ብልህነት አይደለም ልል ነበር። «ግን…» ብዬ አፌን ስከፍት ዘበኛው ቸርኬውን መታው። ደወላችን የሞተ መኪና ቸርኬ ነው፤ ዘበኛችን ደግሞ ቂም እንዳለበት ሰው ነው የሚደልቀው። ያ ድምፅ ከተሰማ ተማሪ የራሱን መሞቻ ቀን እየነገርከው እንኳ ቢሆን ቁጭ ብሎ አይጨርስልህም። ክፍሉ ተራገፈ፤ እኔና «ግን» ተፋጠን ቀረን።

«ግን»ን በማግሥቱ እጨርሳታለሁ ብዬ ነበር። በማግሥቱ ክለሳ ሆነ፣ ከዚያ ፈተና ሆነ፣ ከዚያ የሴሚስተር ዕረፍት ሆነ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። የኔው ግን አፋፍ ላይም አልቆመ፤ ዕረፍት ከሚወጡ ተማሪዎች ጋር ተሳፍሮ ቆላ ወረደ።

ከዕረፍት ስንመለስ ጋይቲ የለችም።

ጋይቲ ከቱርሚ ወዲያ ካለ መንደር የመጣች፣ በተማሪዎች ማደሪያ የምትኖር የሐመር ልጅ ናት። ቁመቷ መቃ ስለሆነ ሌላውን እንዳትጋርድ ብዬ የመጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀምጫታለሁ። በቃል ከጠየቅሁ ጥያቄውን ሳልጨርስ ያ ረጅም እጅ ከኋላ ይነሣል። ከሰሌዳ ገልብጪ ከተባለች ግን ደብተሯ ውስጥ በሰው ገላ ላይ የሌለ የአካል ክፍል ይገኛል። እኔም በቀይ እስክርቢቶ «ትኩረት ይጎድልሻል» እያልኩ እጽፍላት ነበር።

የማደሪያውን ኃላፊ ጠየቅኋት። ደልደል ያለች፣ ነገር የማታለባብስ ሴት ናት።

«አባቷ አስቀርቷታል» አለችኝ። «የሚያገባትም ሰው ጠይቋል አሉ። ‹አስተማሪዋ የሴት አንጎል ትንሽ ነው ብሏል› ነው የሚሉት። እውነት እንደዚህ ብለሃል?»

«ብያለሁ፣ ግን…»

እሷም እንደ ተማሪዎቼ አልጠበቀችኝም፤ በሩን ዘጋች።

በእውነት ነው የምላችሁ፣ የዚያን ቀን ክፍል ውስጥ ጥያቄ ጠይቄ የኋላውን ረድፍ ማየት አቃተኝ። ማታ ለምሕረት ስነግራት የምታጽናናኝ መስሎኝ ነበር። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ያቺን ‹ግን› ይዘሃት ትሄዳለህ» አለች። «የሁለተኛው ሴሚስተር ምዝገባ ሳይዘጋ። እኔም እመጣለሁ።»

«አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ብቻህን ከሄድክ ሌላ ልጅ ታስቀራለህ።»

ቅዳሜ ጠዋት አይሱዙ አገኘን። ሾፌሩ ነርሷን ሲያውቃት እጅ ነስቶ ጋቢና አስገባት። እኔን የሽንኩርት ጆንያ ላይ ሰቀለኝ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁት ደግሞ ሆዳችሁ ባዶ ሳለ አትሂዱበት። ቀይ አፈር ከተማ ስንደርስ ምሕረት በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ «አንጎልህ ደኅና ነው?» አለችኝ። ጭነቱ ላይ አብረውኝ የነበሩት ሰዎች ራሴን ታምሜ የምሄድ መስሏቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

የጋይቲ አባት ላሎ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጠንና ለኔ የራሱን በርኮታ ሰጠኝ። በርኮታ ማለት ቀን የሚቀመጡባት፣ ሌሊት አንገት የሚያሳርፉባት ትንሽ የእንጨት ዕቃ ናት። ጭንቅላትንና መቀመጫን ሳታበላልጥ የምታገለግል ሌላ ዕቃ አላውቅም። እኔ ግን በጭንቅላቴም በመቀመጫዬም የማልረባ ስለሆንኩ ገና እንደተቀመጥኩ ተንጋለልኩ። መንደሩ ሳቀ። የቡና ገለባ ሻይ በቅል ይዛ የመጣችው ጋይቲም ሳቀች፤ ከዚያ እኔ መሆኔን ስታይ ደነገጠች፤ የለየችኝ አጠገቤ ስትደርስ ነው።

ላሎ የገበያ አማርኛ ያውቃል፤ ለቁም ነገር ግን በቋንቋው መናገር ፈለገ። አስተርጓሚ ተፈለገ። ከጋይቲ ሌላ የተማረ የለም። ስለዚህ በአንጎሏ ላይ የተከፈተውን ክርክር ያንኑ የተከሰሰ አንጎሏን እየተጠቀመች ማስተርጎም ጀመረች።

«ስለ አንቺ ነው የመጣሁት በይው።»

ነገረችው። «‹ስለ እሷ ከሆነ ነገሩ አልቋል› ይላል።»

«ለምን አለቀ?»

ላሎ ልጁን እያየ ቀስ ብሎ ብዙ ተናገረ። እሷ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ታስተረጉማለች።

«‹ጠልቻት አይደለም። ለዕረፍት ስትመጣ ራሷን ይዛ ትተኛለች። አጎቷን መንገድ ላይ አግኝታ አትሰላምም። ድሮ ፍየል ከሩቅ በመልኩ ትለይ ነበር፤ አሁን አትለይም። ምን ነካት ብለን ስንጨነቅ ያንተ ወሬ መጣ፤ የሴት አንጎል ትንሽ ነው አልክ። ያን ጊዜ ገባኝ። ትንሽ ቅል ላይ ብዙ ካፈሰስክ ሞልቶ ይፈስሳል፤ በኃይል ከጠቀጠቅህበት ይሰነጠቃል። ልጄ ልትሰነጠቅ ነው› ይላል።»

የመጨረሻዋን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ።

እኔ እኮ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። ለግትር አባት የሚሆን ንግግር ነበረኝ፤ ስለ ሴት ልጅ መማር ከስብሰባ የለቀምኩት ብዙ ነገር ነበረኝ። የልጁ ጭንቅላት እንዳይሰነጠቅ ለሚፈራ አባት ግን ምንም አልያዝኩም። እንደ ምንም ብዬ «ግን»ን አወጣኋትና ስለ ሰውነት ግዝፈት፣ ስለ አማካይ፣ ትልቅነት ብልህነት ስላለመሆኑ አብራራሁ። የማሳመኛዬ ጫፍ ዝሆን ነበረ።

«የዝሆን አንጎል ከሁላችንም ይበልጣል» አልኩ። «ታዲያ ዝሆን ከኛ ብልህ ነው?»

ከላሎ ጎን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቆይተው አንድ ቃል ጣል አደረጉ።

«‹አዎ› ይላሉ» አለች ጋይቲ።

«አዎ?»

«‹ዝሆን በድርቅ ጊዜ ውኃ ያለበትን ያውቃል። አንተ ታውቃለህ?› ይላሉ።»

በራሴ ምስክር ተረታሁ። ሽማግሌው ቀጠሉ። እኛ ነገር ሲጠፋን ፍየል አርደን አንጀቱን ዘርግተን እናያለን፤ ዝናቡን፣ በሽታውን፣ የሚመጣውን ሰው እዚያ ላይ እናነባለን። አንተ የምታየው ራስ ውስጥ ነው። እሺ፤ አንድ ወንድ አንድ ሴት ፍየል ይታረድ፣ ራሳቸውም ይከፈትና እንይ አሉ።

ዲግሪ ያለው ሰው እዚህ ላይ ምን ማለት ነበረበት? ፍየል ሰው አይደለም፣ በሁለት ፍየል ሳይንስ አይሠራም ማለት ነበረበት። እኔ ያልኩት «በጣም ጥሩ!» ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ እንኳን ፍየል፣ እንቁራሪት ከፍቼ ካስተማርኩ ስንት ጊዜዬ! የሙያ ረሃቤ ልጅቱን አስረሳኝ። ምሕረት ሴቶቹ ዘንድ ተቀምጣ ቁልፍ በጠፋ ቁጥር የምታየኝን አስተያየት አየችኝ።

ወጠጤው ሲጎተት መጣ። ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ፣ ጢሙ የተንዠረገገ፣ እየተጎተተም የሚኮራ። ሰዉ ሲያየው በእጁ አፉን ሸፈነ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ሴቷ መውለድ ያቆመች፣ ረጋ ያለች አሮጊት ፍየል ናት። ታረዱ። መጀመሪያ አንጀቱ ተዘረጋና ሽማግሎቹ በስንጥር እየነኩ ተከራከሩበት፤ አንዱ ዝናብ ነው አሉ፣ ሌላው የለም መንገድ ነው አሉ። ከዚያ መጥረቢያ መጣ። የወጠጤው ራስ ሲጋጭ የኖረ ስለሆነ በቀላሉ አልከፈት ብሎ አስቸገረ። በመጨረሻ ሁለቱም አንጎሎች ቅጠል ላይ ወጡ፤ እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው።

ጸለይኩ። ለባዮሎጂ መምህር ነውር ነው፤ ግን ጸለይኩ።

የወጠጤው ይበልጣል። በጥቂት ቢሆን እከራከር ነበር፤ ማንም በዓይኑ አይቶ የሚፈርደው ነው።

ጋይቲ ልትተረጉም ወደ እኔ ዞረች፤ የሚተረጎም ነገር የለም። ልጅቱን በሳይንስ ላስመልስ ሄጄ በገዛ እጄ ማስረጃ አውጥቼ ቅጠል ላይ አሰጣሁባት። የምገባበት ጠፋኝ።

ላሎ ጎንበስ ብሎ ትልቁን አንጎል አየ። የወጠጤውን ቀንድ አየ። እንደገና አንጎሉን አየ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሰ መስሎኝ ልነሣ ስል ሳቁን ለቀቀው። ሽማግሎቹ ተከተሉት፤ ከዚያ ሴቶቹ፤ ከዚያ መንደሩ በሙሉ።

«ምን ሆኑ?» አልኩ።

ጋይቲ እንባዋን እየጠረገች የወጠጤውን ታሪክ አወራችኝ። የቱሪስት መኪና መጥቶ ሲቆም ወጠጤው በጎን መስታወቱ ራሱን ያይና ጠላት መጣብኝ ብሎ ይወጋዋል። መስታወቱን ሰብሮ፣ ግንባሩን አድምቶ፣ አሸነፍኩ ብሎ እየተንጎማለለ ይሄዳል። በማግሥቱ ሌላ መኪና ሲመጣ ጠላቱ ከሞት የተነሣ ይመስለውና እንደገና ይጀምራል። መንደሩ በሱ የተነሣ ስንቱን ሾፌር ይቅርታ ለምኗል። አሮጊቷ ፍየል ግን በበጋ መንጋውን ወደ ደረቁ ወንዝ እየመራች የምትሄደው እሷ ናት፤ የቆመችበት ቦታ አሸዋው ሲቆፈር ውኃ አይታጣም።

ላሎ የወጠጤውን አንጎል በመዳፉ አነሣና ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ አናገረኝ።

«ትልቅ ነው» አለ። «ግን…»

እጁን አየር ላይ ገለበጠ። ከጂንካ በአይሱዙ ጭኜ ወስጄ ማራገፍ ያቃተኝ «ግን» ከላሎ አፍ ወጣች! ተነሥቼ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ሳቁን ግን አቆመ። ልጁን አየ።

«ግን ራሷን ያማታል» አለ። «ትልቅ ይሁን፣ ትንሽ ይሁን፣ ያማታል። አልሰድም።»

ወጠጤውም ሞቷል፣ ዝሆኑም ከድቶኛል። አንገቴን ደፍቼ በርኮታዋን ሳሻሽ ምሕረት ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ መጣች።

«የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» አለቻት።

ጋይቲ ወደ አባቷ ዞረችና ጥያቄውን በሐመርኛ ልትነግረው ጀመረች።

«አይ፣ እሱን አይደለም» አለች ምሕረት እጇን ይዛ። «አንቺን ነው የምጠይቅሽ የኔ ልጅ።»

ቀኑን ሙሉ ስትናገር የዋለች ልጅ የራሷን ቃል ፈልጋ አጣች። የኔን ተናግራለች፣ የአባቷን ተናግራለች፣ የሽማግሌውን ዝሆን ሳይቀር ተናግራለች። እሷን የጠየቀ አልነበረም። በመጨረሻ የቅንድቦቿን መሐል በጣቷ ነካች።

«እዚህ ጋ። ሰሌዳ ሳይ።»

«ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ይታይሻል?»

«ነጭ ነገር ይታየኛል።»

ነጭ ነገር! ያ ነጭ ነገር የኔ የእጅ ጽሕፈት ነው።

ምሕረት በእጇ ወደ ሩቅ አመለከተች። «እዚያ ማን ቆሟል?»

ጋይቲ ዓይኗን አጨናብሳ አየች። «ዛፍ?»

ዛፍ አይደለም፤ ሰላምታ የተነፈገው አጎቷ ነው። ዛፍ መባሉ ሲነገረው ሮጦ መጥቶ ፊቷ ድረስ ቀረበና ሳይናገር ራሷን ደባበሰ፤ ለካ ስንት ጊዜ ተቀይሟት ኖሯል።

«ዓይኗ ነው እንጂ አንጎሏ ምንም አልሆነም» አለች ምሕረት። «ከሩቅ አታይም። መነጽር ያስፈልጋታል፤ ያን ስታደርግ ራሷን ማመሙም ይተዋታል ብዬ አስባለሁ። እኔም ጂንካ ገበያ ስታልፈኝ ኩራተኛ ናት ብያት ነበር፤ ይቅር ትበለኝ።»

ጋይቲ ይህን ለአባቷ ስትነግረው ላሎ እጇን ያዘና አልለቀቃትም። እኔም ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ አፌ ግን አፌ ነው።

«ረጅም ናት ብዬ ከኋላ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ በይው» አልኳት።

ነገረችው። ላሎ እኔን አየ፤ ከዚያ መጥረቢያውን አየ።

«‹አንተንም ከፍተን እንይህ?› ይላል» አለች፤ ሳቋንም መቆጣጠር አቃታት።

የሁለቱን ፍየል ሥጋ በላን። አንጀቱን አይተው መንገድ ነው ያሉት ሽማግሌ ተረጋገጠ ብለው ደስ አላቸው፤ ዝናብ ነው ያሉት ገና ይመጣል ብለው አኮረፉ። ለማግባት የጠየቀው ሰውዬ ጉዳይ ተነሣና ላሎ፣ «ይጠብቅ፤ ቢያንስ መጀመሪያ አጥርታ ትየው» አለ። በማግሥቱ ጋይቲ ሻንጣዋን ይዛ ከምሕረት ጋር ጋቢና ገባች። እኔ የቦታዬን ስለማውቅ ሳልታዘዝ ጭነቱ ላይ ወጣሁ። አይሱዙው ሊነሣ ሲል ላሎ ወደ ላይ ጠራኝ።

«አስተማሪ! ስለ ዓይን ምንም አታስተምር!»

መነጽሩ ከአርባ ምንጭ መጣ። ጋይቲ አድርጋው ክፍል የገባች ቀን በሩ ላይ ቆማ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ የልጆቹን ፊት አንድ በአንድ አየች፤ ሦስት ዓመት አብረዋት የተማሩትን ልጆች አሁን ገና እንደምትተዋወቃቸው ሆና። እኔም አለቀስኩ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ጠመኔ ዓይኔ ውስጥ ገባ እንበለው። ከፊት፣ ግድግዳው ጥግ አስቀመጥኳት። ከዚያ ያን ትምህርት እንደ አዲስ ጀመርኩ፤ ዛሬ ግን ከ«ግን» ነው የጀመርኩት፤ ዘበኛው ቸርኬውን ቢመታ እንኳ ዋናው ተነግሮ እንዲያልቅ። ሰሌዳው ላይ አንጎል ሣልኩ፤ እጥፋቱን፣ ግንዱን፣ ሁሉን፤ እንደዚያን ቀን አሳምሬ።

ያ ረጅም እጅ ተነሣ።

«ቲቸር፣ ይሄ ሥዕል እስከ ዛሬ ጥቅል ጎመን ይመስለኝ ነበር። ዓይኔ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ክፍሉ አውካካ። እኔም ኩራቴን ሰብሰብ አድርጌ፣ «አሁንስ?» አልኳት።

መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገችና ሰሌዳውን ረጋ ብላ ከዳር እስከ ዳር መረመረችው።

«አሁን ጥርት ብሎ ይታየኛል» አለች። «ጎመን ነው።»